ልብሱ ለልዋጭ ከመውጣቱ በፊት ኪሱ ይፈተሽ

አዲስ አበባ፦ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ጥሪ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ሲያስተጋባ መስኮቶች ይከፈታሉ። ከላይኛው ፎቅ «ቆይኝማ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ የልጆች ሹራብ፣ ጉልበቱ የነተበ ሱሪና ለዓመታት ማንም ያልለበሰው ኮት በፌስታል ታጭቆ ይወርዳል፤ በምትኩም ጆግ፣ ሳህን ወይም ባልዲ ወደ ላይ ይወጣል። ቆራሌው ጠርሙስና ብረታ ብረት በገንዘብ ይገዛል፤ የልዋጭ ነጋዴዎች ግን አሮጌ ልብስን በዕቃ ይለውጣሉ። ግብይቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች አጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ኪስ መፈተሽ።

ኮዬ ፈጬ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በመዲናዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ አካባቢ ነው። ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻዎች የቆሙበት ጥቁር አፈር ትናንት ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይበቅልበት ነበር። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም 51 ሺህ 229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው ኮዬ ፈጬ ከሳይቶቹ አንዱ ነበር። ቤት የደረሳቸው ነዋሪዎች ከየኪራይ ቤታቸው ሻንጣና ካርቶን ጭነው መጡ። ከሻንጣዎቹ ብዙዎቹ ሳይፈቱ ዓመታት ተቆጠሩ። ከእነዚያ ሻንጣዎች ከአንዱ የወጣ የአንድ ገበሬ ካፖርት ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል።

ካፖርቱ የአያቴ ነበር። አያቴ በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ጤፍና ሽምብራ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። በጳጉሜን 2012 ዓ.ም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሙክት ሸጡ። በማግስቱ ሕመም ጠናባቸውና ለሕክምና ወደ ልጃቸው፣ ማለትም ወደ አክስቴ ቤት መጡ። አክስቴ ያኔ በቃሊቲ በኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። አያቴ በኅዳር 2013 ዓ.ም አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ባሉት ቀናት «የልጅቱ ነገር ኪሴ ውስጥ ነው» እያሉ ይደጋግሙ ነበር። ልጅቱ እኔ ነበርሁ፤ በግብርና ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ቤተሰቡ የሱሪያቸውንም የካፖርታቸውንም ኪስ አየ፤ ምንም አልተገኘም። ሕመሙ የሚያናግራቸው መስሎን ዝም አልን።

በሰኔ 2016 ዓ.ም አክስቴ ያንን ካፖርት ከሻንጣ አውጥተው ለልዋጭ ነጋዴዋ ሰጡ። ነጋዴዋ ልብሱን ከማጠፏ በፊት እንደ ልማዷ ከአንገቱ እስከ ጠርዙ በጣቶቿ ዳበሰችውና «እትዬ፣ ገበሩ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ» አለች። የውስጥ ኪሱ ታች ተቀድዶ ኖሮ የተቀመጠበት ሁሉ ወደ ገበሩ ወርዷል። ገበሩ ሲተረተር በላስቲክ የተጠቀለሉ 24 የመቶ ብር ኖቶች፣ ሦስት የታጠፉ ደረሰኞች፣ በቋጠሮ የታሰረ ግራጫ ዱቄትና ጥቂት የሽምብራ ፍሬዎች ወጡ።

ከአንድ ገበር የወጡት እነዚህ አራት ነገሮች አራት የተለያዩ ዕጣዎች ነበሯቸው። አንዱ ዋጋውን ጨርሷል፣ ሁለተኛው ዛሬም ይሠራል፣ ሦስተኛው ሊገድል ይችል ነበር፣ አራተኛው ደግሞ ከፊሉ በሕይወት ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ በከተማም በገጠርም አሮጌ ልብስ ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

ብሩ መቼና ለምን ዋጋ አጣ?

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ አዲስ የ200 ብር ኖትም ሥራ ላይ እንደሚውል ይፋ አደረጉ። ለኅትመቱ 3 ነጥብ 7 ቢሊዮን ብር ወጪ መደረጉ ያኔ ተገልጿል። ዓላማው ከባንክ ውጭ የተከማቸ ገንዘብን ወደ ባንክ መመለስ፣ ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን፣ ሙስናንና ኮንትሮባንድን መግታት እንደሆነ ተነገረ። ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም መጀመሪያ ጊዜው ሲያበቃ የቀድሞዎቹ ኖቶች ሕጋዊ መገበያያነታቸው አከተመ።

ሦስት ወር ለከተማ ነጋዴ በቂ ጊዜ ሊመስል ይችላል። በገጠር ግን ገንዘብ የሚቀመጥበትን ሥፍራና የዘመኑን ዑደት ማሰብ ያስፈልጋል። የክረምት ልብስ በሰኔ ይወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም ማብቂያ ታጥቦ ወይም ተራግፎ በሳጥን ይቀመጣል። የገንዘብ ቅያሬው የታወጀው ልክ የክረምት ልብስ ወደ ሳጥን በሚገባበት ሰሞን ነበር። በነሐሴ ወይም በጳጉሜን በዝናብ ካፖርት ኪስ ውስጥ የተረሳ መቶ ብር፣ ባለቤቱ በቀጣዩ ሰኔ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ዋጋ ካጣ መንፈቅ ሞልቶታል። የአያቴም ገንዘብ የገጠመው ይኸው ነው። አያቴ ባረፉበት ዕለት 2 ሺህ 400 ብሩ ገና ዋጋ ነበረው። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ልብሳቸውን አጣጥፎ ሲያኖር የቀረው ጊዜ አንድ ወር የማይሞላ ነበር።

የቀድሞዎቹን ኖቶች መለየት አያስቸግርም። በድሮው መቶ ብር ፊት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በጀርባው ደግሞ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ባለሙያ ይታያል። በድሮው አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት አለች። እነዚህ ከኪስ ቢገኙ ባንክ አይቀበላቸውም። ሳንቲሞችና ባለ 1 ብሩ ድቡልቡል ግን በ2013 ዓ.ም አልተቀየሩም፤ የ5 ብር ኖትም በዚያ ቅያሬ አልተካተተም። ስለዚህ ከአሮጌ ልብስ የተገኘ ገንዘብ ሁሉ በአንድነት ወደ ቆሻሻ አይጣል፤ ይለይ። ታጥቦ የተጨማደደ ወይም ጠርዙ የተቀደደ አዲስ ኖት ቢሆንም በማጣበቂያ ከመለጣጠፍ ይልቅ እንዳለ ደርቆ ወደ ባንክ ቢወሰድ ይሻላል።

«የድሮውን ብር በድብቅ እንቀይርላችኋለን፣ መጀመሪያ ግን የአገልግሎት ክፈሉ» የሚል ሰው ቢመጣ ማታለል መሆኑን መረዳት ይገባል። ዋጋ ያጣ ኖት ያለው የመታሰቢያ ዋጋ ብቻ ነው።

ጠገራ ብሩ ለምን አልሞተም?

«የአያቶቻችን ብር በማሰሮ ተቀብሮ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲወጣ ዋጋ ያወጣል፤ የእኛው ለምን በሦስት ወር ያልቃል?» ብለው የሚጠይቁ አባቶች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማርትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በላዩ የተቀረጸው ዓመት ሁልጊዜ 1780 እ.ኤ.አ ነው፤ ንግሥቲቱ ካረፉበት ዓመት ወዲህ የታተሙትም ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይይዛሉ። መንግሥት ቢቀየር፣ አዋጅ ቢወጣ በውስጡ ያለው ማዕድን አይለወጥም።

የወረቀት ብር ግን ዋጋው በወረቀቱ ውስጥ አይደለም። ዋጋው ከሕግ የሚመጣ ቃል ኪዳን ነው። በኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ጠገራ ብሩ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። በ1969 ዓ.ም ደርግ የንጉሡን ምስል የያዙትን ኖቶች በአዲስ ተካ። በ1990 ዓ.ም ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያ ኖቶቿን ዳግም ቀየረች። በ2013 ዓ.ም የሆነውም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው። በየቅያሬው ጊዜ ቤት ውስጥ ተደብቆ የቀረ ገንዘብ ባለቤቱን ሳያስጠነቅቅ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን በዩሮ የተካችውን የድሮ ማርኳን ማዕከላዊ ባንኳ ያለ ጊዜ ገደብ ይቀይራል። የእንግሊዝ ባንክም ከገበያ ያስወጣቸውን ኖቶቹን ሁልጊዜ ይቀበላል። ሕንድ በአንጻሩ በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ የ500 እና የ1 ሺህ ሩፒ ኖቶቿን በአንድ ሌሊት ከመገበያያነት አውጥታ ለባንክ ማስገቢያ ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ ሰጠች። የኛው ቅያሬ በዚህ ረገድ ከጀርመኑ ይልቅ ለሕንዱ የቀረበ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። በባንክ ሒሳብ ያለ ገንዘብ ኖት በተቀየረ ጊዜ አብሮ አይሞትም፤ በሒሳቡ የተመዘገበው ቁጥር ነውና ኖቱ ምንም ዓይነት ቢሆን ይከፈላል። በኪስ፣ በጎታ፣ በሙዳይና በፍራሽ ሥር ያለው ግን ባለቤቱ ዜናውን በጊዜ መስማቱንና ቦታውን ማስታወሱን ይጠብቃል። በቤት የግድ የሚቀመጥ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ቢያንስ አንድ የታመነ የቤተሰብ አባል ሥፍራውን በትክክል ሊያውቅ ይገባል። አያቴ ተናግረው ነበር፤ «ኪሴ» ያሉት ግን በእኛ ዘንድ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ደረሰኞቹስ?

ከገበሩ የወጡት ሦስት ወረቀቶች ሁለቱ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ግብር የተከፈለባቸው ደረሰኞች፣ አንዱ ደግሞ የብድር መመለሻ ደረሰኝ ነበሩ። ሁለቱ በእጅ የተጻፉ በመሆናቸው ከዓመታት በኋላም ይነበባሉ። ሦስተኛው በማሽን የታተመ ሲሆን ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ምክንያቱ የወረቀቱ ዓይነት ነው። ከኤቲኤምና ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ወረቀት በቀለም አይጻፍበትም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅባት ስላለው ማሽኑ በሙቀት ይጽፍበታል። ስለዚህ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ላብና ዘይት ጽሑፉን ያደበዝዙታል። በኪስ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ደረሰኝ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላል። ለክርክር ወይም ለሒሳብ የሚያስፈልግ ከሆነ በደረሰበት ቀን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበጃል።

ለገበሬ የመሬት ወረቀት ቀልድ አይደለም። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 456 እና እርሱን በተካው በ2016 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1324 መሠረት የይዞታ መብት ዋና መገለጫ ነው። የግብር ደረሰኝ በራሱ ይዞታን አያረጋግጥም። ነገር ግን ማን መሬቱን ሲጠቀምበትና ግብሩን ሲከፍል እንደኖረ ለማስረዳት በውርስና በድንበር ክርክር ጊዜ ይፈለጋል። የብድር መመለሻ ደረሰኝ ደግሞ ሟች ዕዳቸውን መክፈላቸውን ያሳያል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንዲሉ፣ የተከፈለ ዕዳ ማስረጃ ከጠፋ ለወራሽ ይተርፋል።

በከተማም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገቡ ነዋሪዎች የምዝገባ ወረቀትና የቁጠባ ደብተር ለዓመታት ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ቤት በተቀያየረ ቁጥር ሰነድ ከልብስ ጋር ታጥፎ ይጓዛል። ከኪስ የተገኘ ወረቀት እርጥብ ከሆነ ማሸት አይገባም፤ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መካከል በጥላ ቢደርቅ ጽሑፉ የመትረፍ ዕድል አለው።

በቋጠሮው የነበረው ዱቄት

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነበር። አክስቴ በቁራጭ ፌስታል የታሰረውን ግራጫ ዱቄት አይተው የአያቴ መድኃኒት መሰላቸውና ሊፈቱት እጃቸውን ዘረጉ። ቋጠሮውን ሳየው ግን በኮሌጅ የተማርኩት ትዝ አለኝ። ፌስታሉ ውስጥ ካለው ዱቄት መካከል ክብ ቅርጹ ያልፈረሰ ቁራጭ ይታይ ነበር። የነቀዝ ክኒን ነበር።

ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ የሚያድግበት ሥፍራ የለውም። ስንዴ፣ በቆሎና ሽምብራ ግን በጎተራ ይበላሉ። ብዙ ገበሬዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ነቀዙን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል፤ የታወቀ ማርከሻም የለውም። አንዳንድ ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታ አለመኖሩ ግን ደኅንነትን አያሳይም።

ለረዥም ጊዜ ተቀምጦ ዱቄት የሆነ ክኒን አብዛኛው ጋዙ ወጥቷል። ይሁን እንጂ በዱቄቱ መካከል ያልተቃጠለ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል እንደ መርዝ መያዝ አለበት። ችግሩ የሚከፋው ደግሞ ልብሱ ሳይፈተሽ ወደ መታጠቢያ ሲገባ ነው። ውኃ ክኒኑን ያፋጥነዋል፤ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ጋዝ የሚሄድበት የለውም። ልብሱ ለልዋጭ ቢሰጥ ኖሮም መርዙ ወደማያውቁት ሰዎች ቤት፣ ምናልባትም ወደ ሕፃናት እጅ ይደርስ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ከኪስ ቢገኝ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ውኃ አይነካው፤ አይሽተት፤ በባዶ እጅ አይፈታ። መስኮትና በር ይከፈት፤ ልጆች ይራቁ። ልብሱ እንዳለ ሰው ወደማይደርስበት አየር ወዳለበት ደረቅ ሥፍራ ይውጣ። ወደ ገንዳ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ወንዝ አይጣል። አወጋገዱን በአቅራቢያ ያለ የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ። የማቅለሽለሽ፣ የራስ ምታት፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የተገኘው ነገር የነቀዝ ክኒን መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገር። እኛም ካፖርቱን ወደ ውጭ አውጥተን ቀድሞ ላስተማረኝ ባለሙያ ደወልሁ፤ ቋጠሮውም በእርሱ ምክር መሠረት ከቤት እንዲወገድ ተደረገ።

ለገበሬዎች ከዚህ የሚቀድም ምክር አለ። ክኒኑ ከመጀመሪያው ዕቃው ወጥቶ በኪስ መያዝ የለበትም፤ በችርቻሮ በቁራጭ ፌስታል መግዛትም አደጋ ነው። አየር የማያስገባው ሦስት ድርብ የሆነው ፒክስ ከረጢት በአግባቡ ሲታሰር ነቀዙን ያለ ኬሚካል በአየር እጦት ይገድለዋል። በዚህ ዘዴ መርዝ ከኪስም ከጎተራም ይርቃል። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፤ ከኪስ የተገኘ ዘር ሮዝ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለው በመድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል አይቆላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

የሽምብራው ፍሬ

ከገበሩ ጠርዝ የተለቀሙት የሽምብራ ፍሬዎች 11 ነበሩ፤ ቀለም አልነበራቸውም። ከመርዙ ጋር በአንድ ልብስ ስለቆዩ ለመብላት የሚታሰቡ አልነበሩም። ሆኖም ይበቅሉ እንደሆን ለማየት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሳህን አኖርኋቸው። በስምንት ቀን ውስጥ አራቱ ሥር አወጡ።

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እስኪዘራ ድረስ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ ያረጃልም። ዕድሜውን የሚወስኑት በዋነኛነት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ደንብ አለ፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በአዲስ አበባ የሚገኘውና በ1976 እ.ኤ.አ የተመሠረተው የአገራችን የዘር ባንክ የገበሬውን ዘር አድርቆ በቅዝቃዜ የሚያስቀምጠው በዚሁ መርሕ ነው። በደረቅ ካፖርት ውስጥ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ የቆየ ሽምብራ ከፊሉ መብቀሉ ከዚህ አንጻር አያስገርምም።

ነገር ግን ከ11 አራት ማለት ከመቶ 36 ነው። ለማሳ የሚሆን ዘር ሲፈተሽ 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በአሸዋ ላይ ይደረጋል፤ ከ80 በታች ከበቀለ የዘር መጠን መጨመር ወይም ሌላ ዘር መፈለግ ይመከራል። ያረጀ ዘር ቢበቅል እንኳ ቡቃያው ደካማ ስለሚሆን በበሽታና በዝናብ እጥረት ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ከሳጥን የወጣ ዘር ሳይፈተሽ ወደ ማሳ አይግባ፤ አንድ ወቅት ማጣት ከሙከራው ድካም ይበልጣልና።

ከዳሳሿ የተማርነው

የልዋጭ ነጋዴዋ ያንን ቀን ጆግ ሳትሰጥ፣ ልብስም ሳትወስድ ሄደች። በሌላ ሳምንት ስትመለስ አክስቴ ቡና አፍልተው አስቀመጧት። ልብስ ሁሉ ለምን እንደምትዳብስ ስጠይቃት «አንድ ጊዜ ምላጭ ቆርጦኛል፤ ከዚያ ወዲህ ኪስ ሳልነካ በፊት ከውጭ እዳብሳለሁ» ስትል መለሰችልኝ። ልብሶቹ ወደ መርካቶ ደርሰው በሌላ እጅ እንደሚሸጡ፣ ቀለበት፣ ቁልፍ፣ መታወቂያና ፎቶግራፍ ከኪስ እንደሚገኝ፣ ባለቤቱን ግን ማግኘት እንደሚቸግር ነገረችን። «ብሎኩ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የማን ልብስ እንደሆነ በማግስቱ ማን ያስታውሳል?» አለች።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ማግኘቱን እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ሕጉን ብዙ ሰው ባያውቀውም ልማዱ በሕዝባችን ዘንድ አለ፤ ነጋዴዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ኃላፊነት የልብሱ ባለቤት ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። ለአንድ ባልዲ ተብሎ የሚሰጠው ልብስ ከባልዲው የሚበልጥ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

አፈታተሹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። ልብሱ በብርሃን ቦታ ይዘርጋ። በመጀመሪያ ከውጭ በመዳፍ ይዳበስ፤ ስለት ወይም ሹል ነገር ሊኖር ይችላልና። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኪስ ወደ ውጭ ይገልበጥ። የኮትና የካፖርት የውስጥ ኪስ፣ የሱሪ ትንሿ የሰዓት ኪስ፣ የጃኬት የእጅጌ ኪስ አይዘንጉ። ኪሱ ቀዳዳ ካለው እጅ በገበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ይሂድ፤ የወደቀ ነገር ሁልጊዜ የሚያርፈው ከታች ስፌቱ ላይ ነው። የእናቶች ቀሚስና ነጠላ ኪስ ባይኖራቸውም የመቀነት እጥፋትና የነጠላ ጫፍ ቋጠሮ ይፈታ። የሟች ልብስ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ሁለት ሰው ሆኖ መፈተሽ ይበጃል፤ ሐዘንተኛ ዓይን ብዙ ያልፈዋል።

የአያቴ 24 ኖቶች ዛሬ በአክስቴ ቤት፣ በፎቶግራፋቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። በ2013 ዓ.ም በጊዜ ተገኝተው ቢሆን የአንድ መንፈቅ የቤት ኪራዬንና የደብተር ወጪዬን ይሸፍኑ ነበር፤ ያንን መንፈቅ ያሳለፍኩት ከጓደኞቼ ተበድሬ ነው። የግብር ደረሰኞቹ ምንጃር ላሉት አጎቴ ተልከው ከይዞታ ደብተሩ ጋር ተቀምጠዋል። ከበቀሉት አራት ሽምብራዎች ሁለቱ በኮዬ ፈጬ በረንዳ ላይ በቀለም ቆርቆሮ ተተክለው አበቡ፤ አንዷ ሦስት እንክብል ይዛ ደረቀች።

ካፖርቱ ገበሩ ተሰፍቶ ለብሎኩ የሌሊት ጥበቃ ተሰጠ። አክስቴ ከመስጠታቸው በፊት ኪሶቹን አንድ በአንድ ገልብጠው አሳዩዋቸው።